አንቲቫይረስ ስንቀይር፦ አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ አይግባ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሞቷል» አለችኝ። አልሞተም ነበር። ግን ለመነሳት አሥር ደቂቃ ገደማ ፈጀ። አንድ የዎርድ ፋይል ስነካ ደግሞ ስታክ አደረገ። ሰፈራቸው ያለው ኮምፒውተር ቤት «ፎርማት ይደረግ» ብሏታል። እዚያ ቤት ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ራስ ምታት ይዛችሁ ብትሄዱም ፎርማት የሚያዝዙ ይመስለኛል።

ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ላፕቶፑ ሲገዛ አብሮት የመጣ የሙከራ አንቲቫይረስ አለ። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ከማሽኑ ግን አልወጣም። እሷ ደግሞ ጓደኛዋ በፍላሽ የሰጠቻትን ሌላ አንቲቫይረስ ከላዩ ጭናበታለች። «ያኛው ስለተቃጠለ አይሠራም ብዬ ነው» አለች። የተቃጠለው ፈቃዱ ነው እንጂ ፕሮግራሙ ከነሙሉ አካሉ ተቀምጧል።

አንቲቫይረስ እንደ ሌላው ፕሮግራም ዳር ላይ ቆሞ አይሠራም። ፊልተር ድራይቨር የሚባል ክፍል አለው፤ ይህ ክፍል ከዊንዶውስ እምብርት ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ፋይል ሲከፈት፣ ሲጻፍ፣ ከፍላሽ ሲገለበጥ መንገድ ላይ ያስቆመዋል። «ቆይ፣ ልይህ» ይለዋል። አንድ ሲሆን ጥሩ። ሁለት ሲሆኑ ግን አንደኛው ፋይሉን ሊመረምር ሲከፍተው፣ ያ መክፈት ራሱ ለሁለተኛው አዲስ እንግዳ ነው። እሱም ሊመረምር ይነሳል። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ማሽኑ መሀል ላይ ተንቀርፍፎ ይቀራል፣ ሲብስም ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል። በዚያ ላይ አንዱ ያሰረውን ቫይረስ ወይም የቫይረስ መለያ ፋይሉን ሌላው «ቫይረስ አገኘሁ» ብሎ ሊያነሳው ይችላል። ሁለት ዘበኛ ቀጥራችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ እርስ በርስ ሲፈታተሹ ያድራሉ እንደማለት ነው።

«ሁለት ከሆነ ጥበቃው ይጠነክራል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ብዙ ሰው አሮጌውን ሳያወጣ አዲሱን የሚጭነው ከፍርሃት ነው። መሀል ላይ ያለ ጥበቃ የሚቀር ይመስለዋል። ይህ ፍርሃት ድሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባለው የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ራሱ ገለል ይላል። ያ ሲወጣ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን እስክታስገቡ ድረስ በሩ ላይ ሰው አለ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ኮምፒውተሩን ለጽሑፍ፣ ለኢሜይልና ለዩቲዩብ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ አሮጌውን አውጥቶ ዲፌንደር ላይ ማቆምም ይቻላል። እኔ ራሴ በቤት ማሽኔ ላይ የማደርገው እሱን ነው። ገንዘብ አውጥቼ እቀይራለሁ ላለ ግን መንገዱ የሚከተለው ነው። የጻፍኩት ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

1. ማን ማን እንዳለ እዩ

ሰዓቱ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ምልክቶች መካከል ጋሻ የምትመስለውን ንኩ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ይከፈታል። ከታች በግራ በኩል ካለው ሴቲንግስ ግቡና «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» የሚለውን ንኩ። በዚያ ማሽን ላይ በአንቲቫይረስነትና በፋየርዎልነት የተመዘገበ ሁሉ ስሙ ተዘርዝሮ ይታያል። በእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ስም ነበር። ዲፌንደር ጠፍቶ፣ አሮጌው ተኝቶ፣ አዲሱ በርቶ።

ቀጥላችሁ ዋናው ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ ኢንስቶልድ አፕስ ግቡ። በዊንዶውስ 10 ስሙ አፕስ ኤንድ ፊቸርስ ነው። የዛሬ አንቲቫይረስ ብቻውን አይመጣም። ቪፒኤን፣ የፓስወርድ ማስቀመጫ፣ «ኮምፒውተር አፍጣኝ» እና የብሮውዘር ጠባቂ አስከትሎ ነው የሚገባው። ከአንድ ኩባንያ የመጡትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ።

እዚህ ላይ ሁለት ልዩ እንግዶች አሉ። አንደኛው ስማዳቭ ነው፤ ብዙ ኮምፒውተር ቤቶች የፍላሹን ሾርትከት ቫይረስ ፍራቻ ይጭኑታል። የኢንዶኔዥያ ሥራ ሲሆን ራሱን የሚያስተዋውቀው እንደ ተጨማሪ ጥበቃ ነው፣ ከሌላ አንቲቫይረስ ጎን ለመሥራት። ሁለተኛው ማልዌርባይትስ ነው። ነፃው ስካን አድርግ ሲሉት ብቻ ስለሚሠራ ከሌላ ጋር አይጣላም። የሚከፈልበት ግን ሁልጊዜ ንቁ ነው፤ እንደ ሙሉ ዘበኛ ቁጠሩት። ነፃውም ሲጫን የሚከፈልበትን ለሙከራ ሊያበራው ስለሚችል ሴቲንጉን አንድ ጊዜ እዩለት።

«እኔ ምንም አልቀየርኩም» የምትሉም ብትሆኑ ዝርዝሩን እዩት። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የአሜሪካ የንግድ መሥሪያ ቤት ካስፐርስኪ የተባለውን የሩሲያ አንቲቫይረስ በአገሩ እንዳይሸጥ አገደ። አዲስ ሽያጭ ከጁላይ 20 ጀምሮ ቆመ፣ ማሻሻያ መላክም እስከ ሴፕቴምበር 29 ብቻ ነበር የተፈቀደው። ታዲያ በዚያው ሴፕቴምበር አሜሪካ ያሉ ብዙ ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪ የለም፤ በቦታው አልትራኤቪ የሚባል ሌላ አንቲቫይረስ ተቀምጧል። ኩባንያው ራሱ ነበር የቀየረላቸው። በኢሜይል አስቀድሞ ነግሬያለሁ ቢልም፣ የማያውቁት ፕሮግራም ሳይጠየቁ ስለገባባቸው ቫይረስ መስሏቸው የደነገጡ ብዙ ናቸው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ያገለገለ ላፕቶፕ ካላችሁ ይህን ስም ልታገኙት ትችላላችሁ።

2. ከማስወጣታችሁ በፊት ንብረታችሁን ተረከቡ

ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፣ የሚያለቅሰውም እዚሁ ጋ ነው።

ፓስወርዶቻችሁን ያስቀመጣችሁት አንቲቫይረሱ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርጉ። የሚወጣው ፋይል ቁልፍ የለውም፤ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። ወደ አዲሱ ቦታ እንዳስገባችሁት ሰርዙት፣ ከሪሳይክል ቢንም ጭምር። በቁልፍ የተዘጋ የምስጢር ፎልደር የሚሰጡ አንቲቫይረሶችም አሉ። የሠርግ ፎቶ፣ የቤት ካርታ ስካን፣ የፓስፖርት ኮፒ እዚያ ያስቀመጠ ሰው ፕሮግራሙን ካጠፋ በኋላ መክፈቻ ያጣል። ሁሉንም ወደ ተራ ፎልደር አውጡ።

ኳራንቲኑንም፣ ማለትም አንቲቫይረሱ የጠረጠረውን ፋይል የሚያስርበትን ቦታ፣ ክፈቱት። በስህተት የታሰረ የራሳችሁ ፋይል ሊኖር ይችላል፣ ፕሮግራሙ ሲወጣም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። «አትንካ» ብላችሁ የመዘገባችሁለትን ዝርዝርም በስልክ ፎቶ አንሱት። የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ወይም የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን እዚያ ያስገባ ሰው፣ አዲሱ አንቲቫይረስ ስለማያውቃቸው በማግስቱ «ሒሳቤ አልከፈት አለ» ሊል ይችላል።

በፊት ማስወጫ ፓስወርድ አበጅታችሁለት ከሆነ አስታውሱ። አንቲቫይረስ ቫይረስ እንዳያጠፋው ራሱን ይጠብቃል፤ እናንተንም ከቫይረሱ ለይቶ አያያችሁም።

ክፍያው በየዓመቱ ራሱን የሚያድስ ከሆነ በኩባንያው ድረ ገጽ አካውንታችሁ ገብታችሁ አሁን አጥፉት። ፕሮግራሙን ከኮምፒውተር ማውጣት ክፍያውን አያቆምም። ውጭ አገር ሆናችሁ በካርድ የምትከፍሉ፣ ይህችን በተለይ ልብ በሉ።

በመጨረሻም የቢትሎከር፣ ማለትም ዲስክ የሚቆልፈው የዊንዶውስ ክፍል፣ ቁልፍ። አዳዲስ ላፕቶፖች ሳታውቁት ዲስካቸው የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። በኋላ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ) ስንገባ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ የተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል። በስልካችሁ ገብታችሁ አሁን ጻፉት። ላፕቶፑን የከፈተላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ ቁልፉ ያለው እሱ አካውንት ውስጥ ነው፤ ደውሉለት።

3. አዲሱን አውርዱ፣ ግን አትንኩት

ከኩባንያው ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። ጉግል ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ስለሚችል አድራሻውን አንብቡት። ከቴሌግራም ቻናል «ክራክ ያለው ሙሉ» የሚባለውን ተዉት። የቤታችሁን ቁልፍ ለማታውቁት ሰው ሰጥታችሁ ዘበኛ ቀጠርኩ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት ትንሿ ፋይል ናት። ስትከፈት ቀሪውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ከኢንተርኔት ትጎትታለች። ኔትወርክ መሀል ላይ ከተቋረጠ ግማሽ የተጫነ አንቲቫይረስ ይቀራል፣ እሱ ደግሞ ከሁለት አንቲቫይረስ አይሻልም። «ኦፍላይን ኢንስቶለር» የሚለውን ፈልጉና በሌሊት ጥቅል አውርዱት።

አብራችሁም የአሮጌውን ማጽጃ አውርዱ። ታዋቂዎቹ ኩባንያዎች የገዛ ራሳቸውን ርዝራዥ የሚጠርግ ትንሽ ፕሮግራም በነፃ ይሰጣሉ። የአቫስት አቫስት ክሊር ይባላል። የማክአፊ ኤም ሲ ፒ አር ነው። የካስፐርስኪ ካቭሪሙቨር ይባላል። ኢሴትም የራሱ አለው። የኖርተን ማጽጃ ደግሞ አውጥቶ መልሶ የመጫን አመል አለበት፤ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ ማስወጣት ብቻ የሚለውን ካልመረጣችሁ ያሰናበታችሁት ሰው በኋላ በር ይመለሳል። ማጽጃውንም ከራሱ ከኩባንያው ካልሆነ አትውሰዱ።

4. አሮጌውን አስወጡ

ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩት። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ምረጡ፣ የሚታወቅ ከሆነ። የተከፈተውን ሁሉ ዝጉ።

አሮጌውን «ፖዝ» ማድረግ ወይም ሰዓቱ ጋ ያለውን ምልክት ቀኝ ተጭኖ መዝጋት ማስወጣት አይደለም። ድራይቨሩ እዚያው ነው። ኢንስቶልድ አፕስ ውስጥ ገብታችሁ ስሙ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩና አንኢንስቶል በሉት። ፎልደሩን ከፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ በእጅ መሰረዝ በፍጹም አይሞከርም።

ሲወጣ ይለማመጣችኋል። «ቅናሽ ላድርግላችሁ?» ይላል። «ለምን ጠላችሁኝ?» ብሎ ቅጽ ያስሞላል። ከሁሉ የሚያስፈልገው «ሴቲንጎቼን ላስቀምጥ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የማትመለሱበት ከሆነ ሁሉንም አጥፋ በሉት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የጻፋችኋቸውን አጃቢዎች አንድ በአንድ አስወጡ።

አሁን ሪስታርት። ሪስታርት ነው ያልኩት፣ ሸት ዳውን አይደለም። ልዩነት አለው። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር ስላለው ሸት ዳውን ሲደረግ እምብርቱን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ሲነሳም ያንኑ መልሶ ያነሳል። ድራይቨሮቹ ሁሉ አብረው ይነሳሉ። ሪስታርት ግን ከዜሮ ያስጀምረዋል። «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ እኮ፣ አሁንም አለ» የሚሉኝ ሰዎች ነገራቸው አብዛኛውን ጊዜ ይቺ ናት።

5. ርዝራዡን ጥረጉ

ሲነሳ ወደ ማኔጅ ፕሮቫይደርስ ተመለሱ። ጥቂት ደቂቃ ስጡት። ዲፌንደር በርቶ፣ የአሮጌው ስም ጠፍቶ ካያችሁና ማሽኑም ደህና ከሆነ ማጽጃው ላያስፈልጋችሁ ይችላል። እኔ ግን አልዘለውም። አምስት ደቂቃ ነው።

አንዳንዱ ማጽጃ በተራው ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። እንደ ኢሴት ያለው ደግሞ ሴፍ ሞድ ይፈልጋል። ለዚያ ሺፍትን ተጭናችሁ ሳትለቁ ሪስታርትን ንኩ። ሰማያዊ ገጽ ሲመጣ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት እያላችሁ ሂዱ። ቁጥሮች ሲዘረዘሩ 4ን ተጫኑ። ቁልፍ ከጠየቀ ያ 48 አኃዝ ይኸው ነው። ማጽጃውን አስነሱ፣ ይጨርስ፣ ዳግመኛ ሪስታርት።

በዚህ መሀል ኢንተርኔት እምቢ ሊል ይችላል። ዋይፋዩ ተያይዟል፣ ገጽ ግን አይከፈትም። አሮጌው የኔትወርክ ማጣሪያውን ትቶ ሄዷል ማለት ነው። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ሪሴት። የዋይፋይ ፓስወርዶችን አብሮ ስለሚያጠፋ የቤታችሁን ሳታውቁ አትንኩት። የቢሮ ቪፒኤን ካላችሁም እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል።

ብሮውዘራችሁንም ክፈቱና ኤክስቴንሽኖቹን እዩ። «ሴፍ» ምናምን የሚል የአሮጌው ቅጥያ ሊቀር ይችላል። ሪሙቭ።

6. አዲሱን ጫኑ

ቀላሉ ክፍል ይህ ነው። ያወረዳችሁትን ፋይል ክፈቱ፣ የማትፈልጉትን ብሮውዘርና «ስጦታ» የሚሉ ሳጥኖች ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ ሲጨርስ ሪስታርት አድርጉ። ኢንተርኔት አገናኙና መለያ ፋይሎቹን አዘምኑ። ያለዚያ ካወረዳችሁበት ቀን ወዲህ የመጣውን ቫይረስ አያውቅም። በፎቶ ያነሳችሁትን «አትንካ» ዝርዝር አስገቡ፤ ግን ለምን እዚያ እንደገባ የማታስታውሱት ካለ ተዉት። ሙሉ ስካኑን ለማታ አቆዩት፣ ረጅም ነው።

አዲሱ ሲጫን «ሌላ አንቲቫይረስ አግኝቻለሁ፣ ላውጣልህ?» ካለ አንድ ነገር ቀርቷል ማለት ነው። እሱ እንዲያወጣው አትፍቀዱ። አቋርጡና ወደ ማጽጃው ተመለሱ። የራሱን ዕቃ ባለቤቱ ነው በደንብ የሚያውቀው።

7. እውነት እየሠራ እንደሆነ ፈትኑ

ማኔጅ ፕሮቫይደርስ ላይ አዲሱ በርቶ፣ ዲፌንደር ጠፍቶ መታየት አለበት። ዲፌንደር ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ገለል ያለው በደንቡ መሠረት ነው። በእጅ ለማብራት አትታገሉ። ዲፌንደር በየተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲፈትሽ የሚያደርግ ማብሪያ አለ፤ እሱ ቢበራ ከአዲሱ ጋር አይጣላም።

ለፈተናው ኢካር የሚባል የሙከራ ፋይል አለ። የ68 ፊደላት ተራ ጽሑፍ ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም። የአንቲቫይረስ ሠሪዎች ሲያዩት ቫይረስ ነው እንዲሉ ተስማምተውበታል። ከኢካር ድርጅት ድረ ገጽ ስታወርዱት አዲሱ አንቲቫይረስ ወዲያው መጮህ አለበት። ዝም ካለ አልተጫነም፣ ወይም አልነቃም። ሁለት ማስጠንቀቂያ ከሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ከመጣ ደግሞ አሮጌው አሁንም ጓዳ ውስጥ አለ።

የቢሮ ማሽን ከሆነ

አትንኩት። የመሥሪያ ቤቱ አይቲ ከአንድ ቦታ ሆኖ የሚቆጣጠረው ሊሆን ይችላል። አይቲዋ እናንተው ከሆናችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከላይ «ዲፌንደር ራሱ ገለል ይላል» ያልኩት ለተራው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ራሱ አይወርድም። ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭኑ ዲፌንደሩን ራሳችሁ ማውረድ አለባችሁ፣ ያለዚያ ሁለቱ ሰርቨሩን ተሻምተው ያንገላቱታል። ሃያ ማሽን ያለበት ቢሮ ከሆነም ሃያውን በአንድ ቀን አትቀይሩ። ሁለት ማሽን ቀይራችሁ፣ አንደኛው ፒችትሪ ያለበት ይሁን፣ አንድ ሳምንት ተመልከቱ።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ፎርማት አልተደረገም። አሮጌው ኢንስቶልድ አፕስ ውስጥ ሲነካ «ኤረር» እያለ አልወጣ ስላለ ማጽጃው ነው ያወጣው። ከጓደኛዋ የመጣውንም አወጣነው፤ ፈቃዱ የጓደኛዋ ነበር። ቡና ሦስተኛው ሲደርስ ዲፌንደር ብቻውን በርቶ ነበር። «አሁን ሌላ ልጫንበት?» አለች። የመመረቂያ ጽሑፍሽን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጪ አልኳት።